በጓዳ የቀሩ ልጆችና የጤና ኬላዋ ሠራተኛ

ክትባት በሚሰጥበት ቀን ማለዳ እናቶች ሕፃናታቸውን አዝለው ከጤና ኬላው ደጃፍ ይሰበሰባሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መዝገቧን ገልጣ ስም እየጠራች ትከትባለች፤ ትመዝናለች፤ የክንድ ዙሪያ ትለካለች። ቀትር ሲሆን መዝገቡ ሞልቶ የመንደሩ ልጆች ሁሉ የመጡ ይመስላል። ያልመጣ ልጅ ግን አለ። ስሙም ከመዝገቡ ላይ የለም። አባቱ የቤተሰቡን ቁጥር በተጠየቀ ጊዜ «ልጆቼ አራት ናቸው» ብሎ አስመዝግቧል። አምስተኛው ጓዳ ውስጥ ነው። ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ አይናገርም፤ ስሙ ሲጠራ ዞር አይልም። እናቱ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ወደ እሳት ወይም ወደ ገደል እንዳይሄድባት ከምሰሶው ጋር በገመድ አስራው ትሄዳለች።

እንዲህ ያለው ቤት የአንድ ቀበሌ ወይም የአንድ ወረዳ ብቻ አይደለም። በገበሬ ማኅበር አመራር ላይ ጥቂት ዓመታት ያገለገለ ሰው ቢያንስ አንዱን ያውቃል። የሰው ገመና ነው በማለት ግን አያነሣውም።

እናቲቱን ጨካኝ ናት ብሎ የሚፈርድ ቢኖር አንድ ቀን ከእርሷ ጋር ይዋል። ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ በረት ጠርጋ፣ ምሳ አዘጋጅታ ወደ ማሳ እስክታደርስ ድረስ ልጁን የሚይዝላት ሰው የለም። ሰባት ዓመት ሙሉ ረዳት ያላገኘች ሴት ያላት ዘዴ ገመድ ነው። በዚህ ላይ ጎረቤቱ የየራሱን ፍርድ ይሰጣታል። አንዱ ልክፍት ነው ይላል፤ ሌላው የአባቱ የቀድሞ በደል ነው ይላል፤ ሌላዋ ደግሞ በእርግዝናዋ ጊዜ በቀትር በምንጭ አጠገብ ስላለፈች ነው ትላለች። በመሆኑም እናቲቱ ልጁን ከሰው ዓይን መሸሸግ ትመርጣለች።

ይህን ቤት ሳትጠራ ልታንኳኳ የምትችል አንዲት ሠራተኛ ብትኖር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ ወይም ስለ አጎበር ለመጠየቅ ትገባለች፤ ገብታም ልጁን ታየዋለች። ካየችው በኋላ ምን ታደርጋለች የሚለው ነው ጥያቄው። ሥልጠና ካላገኘች እርሷም የመንደሩ ልጅ ናትና መንደሩ የሚያምነውን ታምናለች።

የሥልጠናው አመጣጥ

የገጠሩ ሕዝብ ከራሱ መካከል ሰው መርጦ ለጤና ሥራ ማሠልጠን የጀመረው ዛሬ አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቶ የገበሬ ማኅበራት ከተቋቋሙ በኋላ፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ መሠረታዊ የጤና አጠባበቅ በአልማ አታ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ከተደረገ ወዲህ፣ ማኅበራቱ የመረጧቸው የጤና ወኪሎችና የልምድ አዋላጆች አጭር ትምህርት ወስደው ወደየመንደራቸው ይመለሱ ነበር። ዕድሜያቸው የገፋ ሊቃነ መናብርት ይህን ያስታውሳሉ።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሥራውን በሌላ መልክ አቋቋመው። ሲጀመር 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ፣ ከአካባቢው የተመረጡ ሁለት ሴቶች አንድ ዓመት ያህል ሠልጥነው በደመወዝ በአንድ ጤና ኬላ ይመደቡ ነበር። የሚያገለግሉት ከ3,000 እስከ 5,000 የሚደርስ ሕዝብ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመላው አገሪቱ ከ30,000 በላይ ሠራተኞች ተሰማርተዋል። ሆኖም ሥራው ሲጀመር በተዘረዘሩት 16 የጤና ጥቅሎች ውስጥ የአእምሮ ጤና አልነበረም። የመጸዳጃ ጉድጓድ፣ ክትባት፣ ወባ፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የእናቶችና የሕፃናት ጤና ቅድሚያ አግኝተው ነበር፤ ማግኘታቸውም ተገቢ ነበር።

የአእምሮ ጤና ወደ ሠራተኞቹ ትምህርት የገባው ቆይቶ ነው። በ2003 ዓ.ም. ገደማ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከእንግሊዝ አገሩ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ፣ ከዩኒሴፍና ከአምሬፍ ጋር ሆኖ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተከታታይ የትምህርት ጥራዞች አዘጋጀ። ከጥራዞቹም አንዱ ተላላፊ ስላልሆኑ በሽታዎች፣ ስለ ድንገተኛ ሕክምናና ስለ አእምሮ ጤና የሚያስተምር ነው። ስለ ልጆች የሚናገረው ክፍል ግን አጭር ነበር። በዚህም ምክንያት ተጨማሪ ሥልጠና ተዘጋጀ፤ ሠራተኞቹ በተንቀሳቃሽ ምስል ልጆቹን እንዲያዩ፣ ለቤት ለቤት ጉብኝትም በኪስ የሚያዝ መመሪያ እንዲኖራቸው ተደረገ።

የሥልጠናው ውጤት ምን እንደሆነ ደጀኔ ጥላሁንና የሥራ ባልደረቦቻቸው መርምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት በቀድሞው የደቡብ ክልል የሚሠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ጠይቀው ሠራተኞቹ ሥልጠናውን ጠቃሚ ሆኖ እንዳገኙት፣ በልጆች አእምሮ ጤና ረገድ ግን ገና ብዙ እንደሚፈልጉ ተረድተዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት ሌላው ጥናት ደግሞ ከ300 በላይ ሠራተኞችን በሦስት ከፍሎ አነጻጸረ። አንደኛው ክፍል ያልሠለጠኑት፣ ሁለተኛው ጥራዙን ብቻ የተማሩት፣ ሦስተኛው ተጨማሪውን ሥልጠና ጭምር ያገኙት ናቸው። ጥያቄው ኦቲዝም ስላላቸው ልጆች ምን ያምናሉ፣ ወደ ልጆቹስ ለመቅረብ ምን ያህል ፈቃደኞች ናቸው የሚል ነበር። የሠለጠኑት ስለ ልጆቹ የተሳሳተ እምነታቸው ቀንሷል፤ መራቅና መጸየፍም ቀንሷል። ተጨማሪውን ሥልጠና ያገኙት ደግሞ ከሌሎቹ ይበልጥ ተሻሽለው ተገኝተዋል።

ከዚሁ ጥናት ያልታሰበ ነገርም ወጣ። ተጨማሪውን ሥልጠና ያገኙት ሠራተኞች ልጆቹ ወደፊት ሊደርሱበት ስለሚችሉት ነገር ያላቸው ተስፋ ካልሠለጠኑት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። ያልሠለጠነችው ነገሩ አልፎ እንደሚሄድ ልታስብ ትችላለች፤ የሠለጠነችው ግን ኦቲዝም ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር መሆኑን ተምራለች። ገበሬ ይህን ከማሳው ያውቀዋል። የአፈሩን ጠባይ ያላጠና ሰው የዘራሁት ሁሉ ይበቅላል ይላል፤ አፈሩ መራራ ነው የተባለው ደግሞ ምንም አይሆንም ብሎ ጦም ሊያሳድረው ይችላል። ኖራ ጨምሮ፣ የሚስማማውን ዘር መርጦ እንደ አቅሙ የሚያመርተው ሦስተኛው ሰው ነው። ሥልጠናው ለልጁ ስም ማውጣት ብቻ አስተምሮ ካቆመ እናቲቱ ከጎረቤት ፍርድ ወጥታ ከሌላ ፍርድ ላይ ትወድቃለች።

በክትባቱ ቀን ሊታይ የሚችል ነገር

ለሠራተኛዋ የሚያስፈልጋት እውቀት ያን ያህል የረቀቀ አይደለም። ሕፃኑ በ9 ወሩ ለኩፍኝ ክትባት ሲመጣ ያለ ድጋፍ ይቀመጥ እንደሆነ፣ ድምፅ ወደሰማበት ዞር ይል እንደሆነ፣ የእናቱን ፊት አይቶ ፈገግ ይል እንደሆነ መርፌውን እያዘጋጀች ልታይ ትችላለች። በ15 ወሩ ለሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ሲመለስም ቆሞ ለመራመድ ይሞክር እንደሆነ፣ በጣቱ የሚፈልገውን ያመለክት እንደሆነ፣ ስሙ ሲጠራ ይሰማ እንደሆነ ታያለች። ዓመት ከመንፈቅ ሞልቶት የማይራመድ፣ 16 ወር ሆኖት አንድም ቃል የማይል፣ ሁለት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል አጋጥሞ የማይናገር፣ ይልቁንም የጀመረውን ንግግር የተወ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ አለበት። መላክ ማለት በሽተኛ ነው ብሎ መፍረድ አይደለም። ጆሮው የማይሰማ ሆኖ ዝም ያለ ልጅ ስንት አለ!

ከዚህም ሌላ ከመነሻው ሊቀር የሚችል ጉዳት መኖሩን ሠራተኛዋ ታስተምራለች። ምጥ ሲረዝም ሕፃኑ አየር አጥሮት አእምሮው ሊጎዳ ስለሚችል ወሊድ በጤና ጣቢያ እንዲሆን፣ ማጅራት ገትርና አእምሮ ላይ የሚወጣ ወባ ሳይዘገይ እንዲታከም ትመክራለች። ስለ ጨውም አለ። በኢትዮጵያ ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው በ2003 ዓ.ም. በደንብ ታዟል። አዮዲን ሲያንስ በአዋቂው ላይ እንቅርት ይወጣል፤ በማሕፀን ያለው ልጅ ግን አእምሮው ሳያድግ ሊቀር ይችላል። ጨዉን ከምድጃ አጠገብ ክፍት አድርጎ ማስቀመጥ አዮዲኑን ያጠፋዋል። ክዳን ባለው ዕቃ መያዝ፣ ወጡም ሊወርድ ሲል መጨመር ይገባል። ይህ ወጪ የሌለው ምክር ነው፤ በየቤቱ ግን እስካሁን ጨው በቅል ወይም በላስቲክ ተደርጎ ከጭስ ሥር ተሰቅሎ ይታያል።

በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉትም አይረሱም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሰው ላይ ከሚደርሱት የአእምሮ ሕመሞች ግማሽ ያህሉ የሚጀምሩት 14 ዓመት ሳይሞላ ነው። ወላጁ የሞተበት፣ በጦርነት ወይም በግጭት ከቀዬው የተፈናቀለ ልጅ ሌሊት እየባነነ ቢጮህ፣ ትልቅ ከሆነ በኋላ መኝታው ላይ ቢሸና፣ ከእኩዮቹ ተለይቶ ዝም ቢል ዱላ መድኃኒቱ አይደለም። እናትም በወለደች ማግስት ሳምንታት ሙሉ ብታዝንና ሕፃኑን መንከባከብ ቢያቅታት ስንፍና ሳይሆን ሕመም ሊሆን እንደሚችል የሠለጠነችው ሠራተኛ ታውቃለች።

ክብሪቱና ምድጃው

በገጠር ከአእምሮ ሕመም ጋር አብሮ የሚታየውና የሚታከመው የሚጥል በሽታ ነው። ስለዚህ በሽታ በርከት አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በአንድ በኩል ልጆችን በብዛት ለአካል ጉዳት የሚዳርግ ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ በአነስተኛ ዋጋ መድኃኒት ሊገታ የሚችል ነው።

ልጁ ሲወድቅ ሰው ክብሪት ጭሮ ያሸተዋል፤ ጥርሱን በማንኪያ ወይም በእንጨት ሊፈለቅቅ ይታገላል፤ የቀረው ደግሞ በትንፋሹ ወይም በአረፋው ይጋባል ብሎ ይሸሻል። በሽታው አይጋባም። ክብሪቱም አያነሣውም፤ የሚነሣው ጊዜው ስለደረሰ ነው፤ ክብሪቱ ግን አመስጋኝ ያገኛል። ተገቢው ርዳታ ልጁን ከእሳትና ከድንጋይ ማራቅ፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ በአፉም ምንም ሳይጨምሩ መጠበቅ ነው። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው ጊዜ ሳያጠፉ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ይገባል።

ትልቁ ጠላት ምድጃው ነው። በመሬት ላይ በሦስት ጉልቻ በሚነድ እሳት የተቃጠለ እጅና ፊት የሚጥል በሽታ ካለባቸው ልጆች ዘንድ የተለመደ ነው። ምድጃውን በጭቃ ከፍ አድርጎ መሥራት፣ ወይም ዙሪያውን መከለል የአንድ ቀን ሥራ ነው። ልጁን ብቻውን ወደ ወንዝ አለመላክም እንዲሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሽታው ካለባቸው 10 ሰዎች ውስጥ 7ቱ ያህል በአግባቡ ከታከሙ መውደቃቸው ሊቀር ይችላል። ለዚህ የሚያገለግለው ፌኖባርቢታል የተባለው መድኃኒት ከቆዩትና ዋጋቸው ከማይከብዱት አንዱ ነው። ችግሩ በየቀኑ ሳይቋረጥ ለረጅም ጊዜ መወሰድ ያለበት መሆኑ ነው። በድንገት ካቆሙት በሽታው ከበፊቱ ብሶ ይመጣል። ብዙ ወላጆች ልጁ ሁለት ወር ሳይወድቅ ሲቀር ዳነ ብለው መድኃኒቱን ይተዋሉ። ሠራተኛዋ በየወሩ ጎራ ብላ ክኒኑ ስንት እንደቀረ ካልቆጠረች ሕክምናው በአጭሩ ይቀራል። ጠበል የሚወስዱትንም አትከልክል፤ ጠበሉ ቦታም ቢሆን ክኒኑ እንዳይቋረጥ ብታስማማ ይበቃታል። ከካህኑ ጋር ወይም ከሼሁ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ከቤተሰቡ ጋር ከመከራከር የተሻለ መንገድ ነው።

ገመዱን ለመፍታት

አሁን ወደዚያ ጓዳ እንመለስ። ሠራተኛዋ ገብታ «ልጁን ፍቱት» ብላ ብትወጣ ልጁ በማግስቱ ተመልሶ ይታሰራል። ገመዱን የሚተካ ነገር መኖር አለበት።

የመጀመሪያው አጥር ነው። ግቢው በደንብ ከታጠረና በር ካለው፣ ጉድጓዱ ከተከደነ፣ ምድጃው ከተከለለ ልጁ በግቢው ውስጥ ሊፈታ ይችላል። ይህ ለአንድ ቤተሰብ ከባድ ቢሆን ለደቦ ከባድ አይደለም። ለጎመን ማሳ አጥር የሚወጣ መንደር ለልጅ አጥር መውጣት አያቅተውም። ሁለተኛው ሰው ነው። አያት፣ አክስት ወይም ጎረቤት ተራ ገብተው በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ቢይዙላት እናቲቱ ወደ ገበያና ወደ ወፍጮ በሰላም ትሄዳለች።

ሦስተኛው ልጁን ማስተማር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድገታቸው የዘገየ ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች ያዘጋጀው የወላጆች ሥልጠና በኢትዮጵያም ለአገሩ ሁኔታ ተስማምቶ ተሞክሯል። ትምህርቱ በቤት ሥራ መካከል የሚፈጸም ነው። እናት ልጁ ያተኮረበትን ነገር ተከትላ እርሷም ታተኩርበታለች፤ በአጭር ቃል ትናገራለች፤ እንጀራና ድንች በሁለት እጇ ይዛ የቱን እንደሚፈልግ እንዲያመለክት ትጠብቃለች፤ ፊት መታጠብን ወይም ልብስ መልበስን በትንንሽ ከፍላ አንዱን ከያዘ በኋላ ወደሚቀጥለው ታልፋለች፤ ሲሳካለት ታመሰግነዋለች። ስኒ ማቀበል፣ ዶሮ እሽ ማለት፣ ከወንድሙ ጋር ጥጃ መመለስ እንዲህ እንዲህ እያለ ይመጣል። የሁሉም ልጅ አካሄድ አንድ አይሆንም፤ አንዳንዱ ብዙ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ጥቂት።

ትምህርት ቤትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ ወደ ሕክምና የመጡ 102 ወላጆችና አሳዳጊዎች የጎደላቸውን ሲጠየቁ ከአራቱ ሦስት ያህሉ የጠሩት ትምህርት ነበር፤ ሕክምና ያሉት ከዚያ ያነሱ ናቸው። ልዩ ማዕከላት ባሉባት ከተማ ይህ ከሆነ በገጠሩ ያለው ጉድለት ምን ያህል እንደሚሆን ግልጽ ነው። የቀበሌው ርእሰ መምህር ልጁን አንደኛ ክፍል ለግማሽ ቀንም ቢሆን እንዲቀበል ሠራተኛዋ ብቻዋን ሄዳ ብትለምን ላይሰማት ይችላል። ሊቀ መንበሩ አብሯት ከሄደ ነገሩ ይለወጣል።

የመሪዎቹ ድርሻ

ቡታጅራ አካባቢ በዚህ ረገድ የሚጠቀስ ልምድ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን አዋቂዎች ለማወቅ ከ68,000 በላይ ሰው ቤት ለቤት በመጠይቅ ተጠየቀ። ከመጠይቁ ጎን ለጎን መንደሩን የሚያውቁ የአካባቢው ሰዎች እንዲጠቁሙ ተደረገ። በመጠይቁ ያልተገኙ ብዙ ከባድ ሕሙማን በእነዚህ ሰዎች ጥቆማ ተገኙ። በኋላም በሶዶ ወረዳ የአእምሮ ሕክምና በጤና ጣቢያዎች እንዲሰጥ ሲደረግ ሕሙማንን ከመንደር ፈልጎ በማገናኘት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተሰልፈውበታል። ይህ ሁሉ በአዋቂዎች ላይ የተሠራ ቢሆንም ጓዳ ውስጥ ያለ ልጅን ለማግኘትም የሚበልጥ መንገድ የለም። መጠይቅ ያልከፈተውን በር ጎረቤት ይከፍተዋል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የልጁ ስም በጠቅላላ ስብሰባ ላይ አይጠራም። በስብሰባው ላይ የሚነገረው በሽታው እንደማይጋባ፣ ርግማን እንዳልሆነ፣ ጤና ኬላው እንደሚረዳ ብቻ ነው። ወደ ቤቱ የሚሄደው አባትየው የሚያከብረው አንድ ሰው ነው፤ ሌላ አጃቢ አያስፈልገውም። የማኅበሩ ጸሐፊም ለማዳበሪያም ሆነ ለእርዳታ የቤተሰብ ቁጥር ሲመዘግብ «አራት» የሚለውን መልስ ጽፎ ከማለፉ በፊት በዝግታ ደግሞ ቢጠይቅ አምስተኛውን ሊያገኘው ይችላል።

ሠራተኛዋንም ማየት ይገባል። የወባው ዘመቻ፣ የክትባቱ ዘመቻ፣ የጤና መድን ምዝገባው፣ የሪፖርቱ ቅጽ ሁሉ በእርሷ ላይ ነው። አንዷ ለወሊድ ፈቃድ ስትወጣ ሌላዋ ቀበሌውን ብቻዋን ትይዛለች። በዚህ ላይ ቀበሌው ለስብሰባ ቅስቀሳና ለመዋጮ መሰብሰቢያ ሲልካት የምትጎበኘው ቤት ይቀራል። ስለ ልጆች አእምሮ አጭር ሥልጠና ሰጥቶ ከዚያ በኋላ ማንም ሳይጠይቃት መተው የተማረችውን ያስረሳታል። ከጤና ጣቢያው የሠለጠነ ነርስ በወር አንድ ጊዜ እየመጣ የላከቻቸውን ልጆች ከእርሷ ጋር ቢመለከት ትምህርቱ ይጸናል። ነርሱ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ደግሞ በምትኩ ሌላ እንዲሠለጥን የሚጠይቅ አንድ አካል መኖር አለበት፤ ብዙ ቦታ የተጀመረው ሥራ የሚቆመው በዚህ ነው።

መድኃኒቱም እንዲሁ ነው። የአምስት ቀበሌ ጤና ኬላዎች የሚላላኩት ከአንድ ጤና ጣቢያ ጋር ነው። እናት ሁለት ሰዓት ተጉዛ ደርሳ ፌኖባርቢታል አልቋል ከተባለች በሚቀጥለው ወር አትመጣም፤ ልጇም በሳምንቱ ይወድቃል። ከጤና ጣቢያው ጋር ተነጋግሮ የክኒኑ ቀን ከገበያው ቀን ጋር እንዲገጥም ማድረግ፣ ክኒኑም ሲያንስ ከማለቁ በፊት ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ማመልከት በሥራ አስፈጻሚው ስብሰባ አንድ ቃለ ጉባኤ የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ለመጀመሪያው ጉዞ ደግሞ ልጁን ተሸክሞ መሄድ ስለማይቻል በቅሎ ወይም ጋሪ ያለው ጎረቤት ቀድሞ ይነገረው።